ክብደት አያድንም

«ከባድ ነው፣ አይወድቅም።» ይህች አባባል በየቤቱ አለች። ቁምሳጥኑም፣ ፍሪጁም፣ የመጽሐፍ መደርደሪያውም በእሷ ይታለፋሉ። ከባድ ዕቃ ለመሸከም ያስቸግራል፣ ለመጎተትም ያስቸግራል፤ እንግዲያው ለመገልበጥም ያስቸግራል ብሎ ማሰብ አያስገርምም። ሰው በእጁ ሲገፋ እውነትም ክብደት ይቆጠራል። መሬት ሲንቀጠቀጥ፣ መኪና ፍሬን ሲይዝ ወይም መሠረት ሲያጋድል ግን ክብደቱ በሁለቱም ወገን ይገባና ተጣፍቶ ይወጣል። የሚቀረው ቅርጽና መጠን ነው። ዕቃው መቼ ከወለል መነሳት እንደሚጀምር የሚወስነው ቅርጹ ነው፤ ከተነሳ በኋላ ለመውደቅ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅበት የሚወስነው ደግሞ መጠኑ። መነሳትንና መውደቅን አንድ አድርጎ ማየት በዚህ ጉዳይ ላይ የሚሠራው ትልቁ ስህተት ይመስለኛል።

አንድ ቁምሳጥን እንውሰድ። ቁመቱ 2 ሜትር፣ ከፊት ወደ ኋላ 50 ሳንቲ ሜትር፣ ከነልብሱ 100 ኪሎ። ልብሱ እኩል ከተደረደረ የክብደት ማዕከሉ መሀሉ ላይ ይሆናል፤ ከወለል 1 ሜትር ከፍ፣ ከፊተኛው ጠርዝ 25 ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ። ከኋላ ሆኖ አናቱን የሚገፋ ሰው ዕቃውን በፊተኛው የታች ጠርዝ ላይ ሊያዞረው ነው የሚታገለው። ክብደቱ በ25 ሳንቲ ሜትር ክንድ (ከመዞሪያው ጠርዝ ባለው ርቀት) ይመልሳል፣ ግፊቱ በ200 ሳንቲ ሜትር ክንድ ይገለብጣል። 100 በ25 ተባዝቶ ለ200 ሲካፈል 12.5 ኪሎ ይመጣል። መቶ ኪሎ ዕቃ ከኋላ እግሩ ብድግ እንዲል የሚፈለገው ግፊት ይህችው ናት።

ዕቃው ከተነሳ በኋላ የሚሆነው የበለጠ ያሳስባል። ባጋደለ ቁጥር የክብደት ማዕከሉ ወደ ፊተኛው ጠርዝ ትይዩ እየቀረበ ይሄዳል፤ የመመለሻ ክንዱም እያጠረ ይመጣል። ማዕከሉ በትክክል ከጠርዙ በላይ የሚቆመው ቁምሳጥኑ 14 ዲግሪ ሲያጋድል ነው። 7 ዲግሪ ላይ የሚፈለገው ግፊት በግማሽ ቀንሷል፤ 14 ዲግሪ ላይ ዜሮ ነው። ዕቃ የሚያዛውሩ ሰዎች «አሁን ቀለል አለ» የሚሉባት ቅጽበት ስለዚህ ተረጋግተው የሚቀጥሉባት አይደለችም። ያቺ መቅለል የአደጋ ምልክት ናት። በዚያች ሰዓት ከፊት በኩል አንድ ሰው እጁን አናቱ ላይ ሊያሳርፍ ይገባል፤ ወገቡ ላይ መያዝ እምብዛም አይጠቅምም፣ ክንዱ አጭር ነውና።

እዚያች 14 ዲግሪ ላይ ለመድረስ ማዕከሉ ምን ያህል ሽቅብ ይወጣል? ከጠርዙ እስከ ማዕከሉ ያለው ቀጥታ ርቀት 103.1 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ሲቆም ከፍታው 100 ነበር። ልዩነቱ 3.1 ሳንቲ ሜትር ብቻ። መቶ ኪሎን 3.1 ሳንቲ ሜትር ማንሳት 30 ጁል ያህል ጉልበት ይጠይቃል፤ 3 ሊትር ውሃ የያዘች ጀሪካን ከወለል 1 ሜትር ከማንሳት እኩል ማለት ነው። ሁለት ሜትር ቁመት ያለውን ዕቃ ከመውደቅ የሚለየው ግድግዳ ይህን ያህል ዝቅተኛ ነው።

ይህን ግድግዳ ሳናውቀው የምናፈርስባቸው መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው እግር ነው። ለውበት ሲባል የቁምሳጥን እግሮች ከፊተኛው ጠርዝ 5 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ገብተው ይሠራሉ። ዕቃው የሚዞረው ግን በሰውነቱ ጠርዝ ላይ አይደለም፣ በእግሩ ጫፍ ላይ ነው። 25 የነበረው ክንድ 20 ይሆናል፣ አንግሉ ወደ 11.3 ዲግሪ ይወርዳል፣ የማዕከሉም መውጫ ከ3.1 ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። ክንዱ በአምስት አንድ እጅ ቢቀንስ ጉልበቱ ከሲሶ በላይ ቀነሰ። ምክንያቱም ጉልበቱ የሚሄደው በክንዱ ካሬ ነው። ከኋላ የገቡ እግሮች ያን ያህል አያስጨንቁም፤ ከጀርባው የቤቱ ግድግዳ አለና።

ሁለተኛው የወለል ተዳፋት ነው። ፊተኛው እግር ከኋለኛው 1 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ካለ ዕቃው ከወዲሁ 1.15 ዲግሪ አጋድሏል። ከ14 ዲግሪ ላይ 1.15 ትንሽ ትመስላለች፤ ጉልበቱ ግን 16 በመቶ ያህል ይጠፋል። በተቃራኒው ከፊት እግሮች ስር 1 ሳንቲ ሜትር ሽብልቅ መክተት ተመሳሳይ ድርሻ ያተርፋል። ሽብልቁ ጠንካራ መሆን አለበት፤ የተጣጠፈ ካርቶን በሳምንት ይጨፈለቃል። ወፍራም ምንጣፍ ጫፉ ቁምሳጥኑ ስር ገብቶ ሲቀር ደግሞ ሁለት ዓይነት ይሆናል፦ የምንጣፉ ጫፍ ከኋላ እግር ስር ብቻ ከገባ ዕቃውን ወደ ፊት ይገፋዋል፤ ሁሉም እግር ምንጣፍ ላይ ካረፈ ደግሞ በማጋደል ጊዜ ፊተኛው እግር ይሰምጣል።

ሦስተኛው መሳቢያ ነው፤ እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፣ ልጆች ባሉበት ቤት ከሁሉ የሚከፋው ይኸው ነውና። ባዶ ባለ ሦስት መሳቢያ ኮመዲኖ አስቡ። ጠቅላላ ክብደቱ 40 ኪሎ፣ ከዚህ ውስጥ እያንዳንዱ መሳቢያ 5 ኪሎ፣ ጥልቀቱ 45 ሳንቲ ሜትር። መሳቢያ ሲሳብ የራሱ ማዕከል ከፊተኛው ጠርዝ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ወጣ ይላል። 15 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ደግሞ የመሳቢያው ጫፍ ላይ፣ ከጠርዙ 30 ሳንቲ ሜትር ወጥቶ ይንጠለጠላል። አንድ መሳቢያ ብቻ ከተከፈተ ወደ ኋላ የሚመልሰው 35 ኪሎ በ22.5 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም 787፤ ወደ ፊት የሚጥለው 50 ከመሳቢያው፣ 450 ከልጁ፣ በድምሩ 500። አይወድቅም። ሁለት ሲከፈት 675 በ550፤ አሁንም ይቆማል። ሦስቱም ሲከፈቱ ግን 562 በ600 ይሆንና ኮመዲኖው ልጁ ላይ ይመጣል። ልጅ መሳቢያዎችን እንደ ደረጃ አድርጎ ሲወጣ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ከታች ጀምሮ ሁሉንም ይከፍታል። ሁለት ጊዜ ወጥቶ ምንም ያልሆነ ልጅ በሦስተኛው የሚወድቅበት ምክንያት የዕድል ጉዳይ አይደለም። አንዱ ሲከፈት ሌሎቹን የሚቆልፍ መሳቢያ መሠራቱም ለዚሁ ነው። እንዲህ ያለ ቁልፍ በሌለበት ከባድ ከባዱን ታችኛው መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ በቂ አይደለም፤ ታችኛውም ሲሳብ ክብደቱ ይወጣልና።

ዕቃ ሲገፋ ይንሸራተታል ወይስ ይገለበጣል? ይህን የሚወስኑት ሰበቃና የሚገፋበት ከፍታ ናቸው። እንጨት በሴራሚክ ወይም በሊሾ ወለል ላይ ሲሆን ለማንሸራተት ከክብደቱ 40 በመቶ ያህል ግፊት ቢፈልግ፣ የኛ ቁምሳጥን 40 ኪሎ ይጠይቃል። 40 ኪሎ ግፊት ዕቃውን የሚያስነሳው ከ62 ሳንቲ ሜትር በላይ ሲያርፍ ነው። ስለዚህ ከጉልበት እስከ ጭን ባለው ከፍታ የገፋ ያንሸራትታል፣ በደረት ከፍታ የገፋ ይገለብጣል። ሰው በልማዱ የሚገፋው በደረቱ ከፍታ መሆኑ ነው ችግሩ። ወለሉ ላይ ጨርቅ ማንጠፍ ሰበቃውን ስለሚቀንስ ይህን ድንበር ሽቅብ ያወጣዋል፤ ሰበቃው 20 በመቶ ቢሆን እስከ 125 ሳንቲ ሜትር ድረስ ቢገፋም ይንሸራተታል።

ጨርቁም ሆነ ጎማ ያለው ተሽከርካሪ መጫኛ የማያድንበት ቦታ የበር ደፍ ነው። የሚንሸራተት ዕቃ ድንገት ደፍ ላይ ሲጋጭ የታች ጠርዙ ቀጥ ይላል፣ አናቱ ግን ጉዞውን ይቀጥላል። ለኛ ቁምሳጥን የሚገለብጠው ፍጥነት በሰከንድ 0.9 ሜትር ነው። ይህ ከተራ ሰው እርምጃ ያነሰ ነው። 200 ኪሎ ቢመዝንም ፍጥነቱ ያው 0.9 ነው፤ ክብደቱ ከእኩልታው ወጥቷል። ደፍ ሲቃረብ ማቆም፣ ዕቃውን ወደ ኋላ አጋድሎ ፊተኛውን ጠርዝ ማሻገር፣ ከዚያ መቀጠል ነው የሚሻለው።

መኪና ላይ የሚሆነው ከዚህ ቀላል ነው፣ ግን ምሕረት የለውም። አይሱዙ ላይ የቆመ ቁምሳጥን ከስበት ሽምጠጣ (የሚወድቅ ዕቃ ፍጥነት ከሚጨምርበት መጠን) 25 በመቶ በላይ የሆነ ፍሬን ሲያዝ ይነሳል፤ ደህና ፍሬን ደረቅ አስፋልት ላይ ከስበት ግማሽ በቀላሉ ያልፋል፣ የሚቆየውም ሰከንዶች ነው። «እንግዲያው ሰፊውን ጎኑን ወደ ጉዞው አቅጣጫ አዙረው» የሚል ይኖራል። 120 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው ፍሬኑን ይቋቋማል፣ ነገር ግን ጠባቡ ጎን ወደ ጎን ዞረ ማለት ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየሄዱ 20 ሜትር ራዲየስ ያለው አደባባይ መዞር የስበትን 35 በመቶ ያህል ወደ ጎን ይገፋል። ማስተኛት ወይም አናቱን ማሰር ነው ያለው። ገመዱ ወገቡ ላይ ከታሰረ ሥራውን ግማሽ ብቻ ይሠራል። ፍሪጅ እንደማይተኛ የታወቀ ነው፤ የኮምፕረሰሩ ዘይት ወደ ቱቦዎቹ ይሄዳልና። እርግጥ ኮምፕረሰሩ ከታች ስለሆነ ባዶ ፍሪጅ ከመልኩ ይልቅ የተረጋጋ ነው።

ወደ መሬት መንቀጥቀጥ እንምጣ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጃፓን ውስጥ ይሠሩ የነበሩት የመሬት መንቀጥቀጥ አጥኚዎቹ እነ ጆን ሚልን የወደቁ የመቃብር ድንጋዮችንና ዓምዶችን እየለኩ መሬቱ በምን ያህል ሽምጠጣ እንደተናጠ ለመገመት ሞከሩ። ዘዴው ያማረ ነው፦ የድንጋዩን ውፍረት ለቁመቱ አካፍል፤ ውጤቱ ድንጋዩን የሚያስነሳው ሽምጠጣ ከስበት አንጻር ነው። የቁምሳጥናችን 50 ለ200 ነው፣ 25 በመቶ። ክብደት የለበትም፤ ድንጋይም ይሁን እንጨት መልሱ አንድ ነው። መሣሪያ ባልነበረበት ቦታ መቃብር ስፍራው ራሱ መሣሪያ ሆነ።

ግን ስሌቱ የሚናገረው ስለ መነሳት ነው። ድንጋዩ ወድቆ ከተገኘ መሬቱ ከዚያ በላይ ተንጧል ማለት ይቻላል፤ ቆሞ ከተገኘ ግን አልተናጠም ማለት አይቻልም፤ ተነስቶ ተመልሶ ሊሆን ይችላል። በአንድ ቅርጽ የተሠሩ ትንሽና ትልቅ ድንጋዮች ጎን ለጎን ቆመው ትንሹ ወድቆ ትልቁ ሲቆም ቀመሩ ዝም ይላል፤ ለእሱ ሁለቱ አንድ ናቸው።

ይህን በደንብ የፈታው የካሊፎርኒያ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ጆርጅ ሃውስነር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1963። መነሻው እ.ኤ.አ. በግንቦት 1960 ቺሊን የመታው መንቀጥቀጥ ነበር። ቀጭን አንገት ላይ የተቀመጠ ኳስ የሚመስሉ ከፍ ያሉ የውሃ ታንከሮች ተርፈው፣ ይበልጥ የተረጋጉ የሚመስሉ የኮንክሪት ታንከሮች ክፉኛ ተጎድተው ተገኙ። የሃውስነር መልስ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ዕቃ ለመውደቅ ጊዜ ይፈልጋል፣ ያ ጊዜ በመጠኑ ካሬ ሩት ያድጋል።

በቁጥር ላሳይ። ቁምሳጥናችንን ለማስነሳት ከሚበቃው እጥፍ በሆነ ሽምጠጣ፣ ማለትም በስበት ግማሽ፣ ወለሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ቢገፋው፣ እንዲወድቅ ግፊቱ 0.26 ሰከንድ መቆየት አለበት። በአንድ አሥረኛ የተሠራ ሞዴሉን፣ 20 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለውን፣ 0.08 ሰከንድ ይበቃዋል። መንቀጥቀጥ በሰከንድ ብዙ ጊዜ አቅጣጫውን ይለውጣል። 0.15 ሰከንድ ገፍቶ የሚመለስ መሬት ሞዴሉን ይጥላል፣ ቁምሳጥኑን ግን አስነስቶ ይመልሰዋል። በፍጥነት ቋንቋ ሲነገር ደግሞ ትልቁን የሚገለብጠው 0.9 ሜትር በሰከንድ ሲሆን ትንሹን 0.3 ያህል ነው።

የሚወዛወዝ ዕቃ እንደ ፔንዱለም የራሱ የጸና ምት የለውም። ቁምሳጥኑ በመውደቂያው አንግል አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ሲወዛወዝ አንድ ዙር 0.7 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ በግማሽ ሲሆን 2 ሰከንድ፤ በዘጠኝ አሥረኛ ሲሆን 4.5 ሰከንድ። ወደ ጫፉ በቀረበ ቁጥር ሊወስን እንዳቃተው ይዘገያል። ሲረጋጋ ደግሞ ኳኳታው እየተፋጠነ የሚሄደው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ያጋደለ ብርጭቆ የሚያሰማው ድምፅ ሁሉም ጆሮ ውስጥ አለ። ከዚህ የሚከተል እንግዳ ነገር አለ፦ ከበድ ያለ መንቀጥቀጥ ያልጣለውን ዕቃ ቀለል ያለው ሊጥለው ይችላል፣ ምቱ ከዕቃው ውዝዋዜ ጋር ከገጠመ። ስለዚህ «ባለፈው ጊዜ አልወደቀም» ማስረጃ አይደለም።

በየምቱ የሚባክነው ጉልበትም በቅርጽ ይወሰናል። ጥሩ ጠንካራ ወለል ላይ ቁምሳጥኑ በአንድ ግጭት 17 በመቶ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ዕቃው እየቀጠነ ሲሄድ የሚያጣው እያነሰ ይሄዳል። ቀጭን ነገር አንዴ መወዛወዝ ከጀመረ ቶሎ አይሰክንም ማለት ነው፤ ይህን በኋላ አክሱም ላይ እንፈልገዋለን።

እ.ኤ.አ. ከ2024 መጨረሻ እስከ 2025 መጀመሪያ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የነበረው ተከታታይ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ ነበር፤ በተለይ ፎቅ ላይ። ፎቅ ላይ ይበልጥ መሰማቱ በአጋጣሚ አይደለም። ሕንጻው ራሱ ስለሚወዛወዝ ላይኛው ወለል ከመሬት ይልቅ ሰፋ ብሎና ረዘም ባለ ምት ይሄዳል። ለዕቃ ይህ መጥፎ ዜና ነው፤ ትልቅ ዕቃን የሚያድነው የግፊቱ ማጠር ነበርና። ምድር ቤት ያለ ቁምሳጥን የሚተርፍበት መንቀጥቀጥ ሰባተኛ ፎቅ ያለውን ሊጥለው ይችላል።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ቁምሳጥኑ አናት ላይ ከግድግዳ ጋር ከታሰረ፣ ወለሉ በስበት ግማሽ ሽምጠጣ ቢናጥ እንኳ ማሰሪያው የሚሸከመው 12.5 ኪሎ ያህል ብቻ ነው። ወገቡ ላይ ከታሰረ 25 ይሆናል። ሁለት የኤል ቅርጽ ብረት በግራና በቀኝ ይበቃል። የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ግድግዳው ላይ ነው። የብሎኬት ግድግዳ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ተራ ፊሸር ቀዳዳው ላይ ይሽከረከራል ወይም ቀጭኑን ገጽ ሰብሮ ይወጣል። ኮለን ወይም ቢም ካለ እሱን መፈለግ፤ ከሌለ ክፍት ብሎኬት ውስጥ ገብቶ የሚከፈተውን ዓይነት መጠቀም። በዕቃው በኩል ደግሞ ቪቱ መግባት ያለበት አጽሙ ውስጥ ነው፤ የጀርባው ቀጭን ኮምፐልሳቶ ምንም አይዝም። ሌላው ስህተት ማላላት ነው። 3 ሳንቲ ሜትር የላላ ሰንሰለት ዕቃው ፍጥነት እንዲሰበስብ ይፈቅድለታል፤ ከዚያ በኋላ 12.5 ኪሎ የተባለው ስሌት አይሠራም፣ የሚመጣው ምት ነው። ለብየዳ ቤት ሲሊንደርም ሕጉ አንድ ነው፦ 1.5 ሜትር ቁመትና 23 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የኦክስጅን ሲሊንደር 8.7 ዲግሪ ላይ ይወድቃል፣ ሰንሰለቱ ከወገቡ በላይ ጥብቅ ብሎ መዞር አለበት።

አሁን ወደ ትልቁ ድንጋይ። አክሱም ውስጥ ተሰባብሮ የተኛው ታላቁ ሐውልት ርዝመቱ 33 ሜትር፣ ክብደቱ 520 ቶን ያህል ነው፤ ግርጌው 3.8 በ2.35 ሜትር ገደማ። አናቱ የወደቀው ንፋስ ማውጫ በተባለው መቃብር ላይ ነው፤ የዚያ መቃብር ክዳን ብቻውን 360 ቶን ገደማ ይገመታል። ሐውልቱ ሲቆም ወይም ከቆመ ብዙም ሳይቆይ እንደወደቀ ብዙ ተመራማሪዎች ያምናሉ። ስለ መሬት ውስጥ አቀባበሩ ለጊዜው ትተን፣ ሜዳ ላይ እንደቆመ ግትር ድንጋይ ብናየውስ?

ወደ ላይ እየቀጠነ ስለሚሄድ የክብደት ማዕከሉን 15 ሜትር ላይ እናድርገው። የጠባቡ ጎን ግማሽ 1.175 ሜትር ነው። የመውደቂያ አንግሉ 4.5 ዲግሪ ይመጣል። 33 ሜትር ያለው ድንጋይ ሚዛኑን ለማጣት ማዕከሉ የሚወጣው 4.6 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከቁምሳጥኑ 3.1 ብዙም አይርቅም። ለማስነሳት የሚበቃው ሽምጠጣ የስበት 8 በመቶ ነው፣ ከቁምሳጥኑ አንድ ሦስተኛ። እስከዚህ ድረስ ሐውልቱ ደካማ ነው። ነገር ግን በቅጽበታዊ ግፊት ለመገልበጥ የሚጠይቀው ፍጥነት 1.1 ሜትር በሰከንድ ያህል ነው፤ ከቁምሳጥኑ 0.9 ይበልጣል። ከማስነሻው እጥፍ የሆነ ግፊት ለመጣል 1 ሰከንድ ያህል ያለማቋረጥ መግፋት አለበት። ቀጭንነቱ የነሳውን ግዙፍነቱ መልሶለታል። እነዚህ ግምቶች ናቸው፣ የሐውልቱ መቅጠን ቁጥሮቹን ትንሽ ያናውጣቸዋል፤ አቅጣጫቸው ግን አይለወጥም።

ንፋስስ? በሰዓት 108 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ንፋስ በሰፊው ገጹ ላይ የሚያሳድረው ሞመንት (ግፊቱ በክንዱ ተባዝቶ) ከክብደቱ መመለሻ 15 በመቶ ያህል ነው። ንፋስ አይጥለውም።

የሚጥለው ዝግ ብሎ የሚመጣ ነገር ነው። ዝግተኛ ግፊት ላይ መጠን ምንም አይረዳም፤ የሚያልፍ ሰዓት ስለሌለ የሚታደግ ጊዜም የለም። 520 ቶን በ9 ካሬ ሜትር ላይ ሲያርፍ በየካሬ ሜትሩ 58 ቶን ያህል ይሆናል፤ ለተራ የሸክላ አፈር ከሚፈቀደው ብዙ እጥፍ ነው። ግርጌው በአንድ ጎን 6 ሳንቲ ሜትር ቢሰምጥ ሐውልቱ 1.5 ዲግሪ ያጋድላል፣ ማዕከሉም ከግርጌው መካከለኛ ሲሶ ይወጣል። ከዚያ በኋላ በተቃራኒው ጎን ያለው አፈር መሸከም ያቆማል፣ ዝቅ ያለው ጎን የበለጠ ይጫናል፣ የበለጠ ይሰምጣል። 18 ሳንቲ ሜትር ላይ 4.5 ዲግሪ ሞልቷል። ከዚያም በፊት ይወድቃል፤ አፈር እንደ ብረት ጠርዝ ስለማይጸና መዞሪያው ወደ ውስጥ ይሸሻልና። መቀበር ይህን ሊከለክል የሚችለው ጥልቀቱ በቂ ከሆነና ዙሪያው በድንጋይ ተጠቅጥቆ ከተያዘ ነው። የታላቁ ሐውልት የተቀበረው ክፍል ግን ከርዝመቱ ጋር ሲተያይ በጣም አጭር ነበር።

ሲቆምም ሌላ ወጥመድ አለ። የሚቆም ድንጋይ ከቀጥታው 4.5 ዲግሪ ሲቀረው ሚዛኑ ይዞርና በራሱ ክብደት ወደ ቀናው ይወድቃል። እስኪቀና የሚሰበስበው ጉልበት 24 ቶን ከ1 ሜትር ከፍታ ሲወድቅ ያለው ነው። ከላይ ቀጭን ዕቃ በግጭት ብዙ አያጣም ብለን ነበር፦ ጠንካራ መሠረት ላይ ይህ ድንጋይ የሚያጣው 2 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የተቀረው 98 በመቶ በሌላው ጎን እስከ መውደቂያው ጫፍ አጠገብ ድረስ ይወስደዋል። አቋሚዎቹ ወደፊት የሚጎትት ብቻ ሳይሆን ከኋላ የሚይዝ ገመድም ያስፈልጋቸው ነበር፤ ሁሉም ሰው ትኩረቱን ማንሳት ላይ ሲያደርግ የሚረሳው የኋላው ነው። ይህ ዛሬ ኤሌክትሪክ ምሰሶ ለሚተክልም ይሠራል።

21 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው፣ የንጉሥ ኢዛና የሚባለው ሐውልት እስከ ዛሬ ቆሟል፣ ግን አጋድሎ። ከሮም የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ2008 አጠገቡ ዳግም ሲተከል የኢዛናው በብረት ድጋፍና በገመድ ተይዟል። ጎብኚ ሲያየው የሚጠይቀው «ስንት ዲግሪ አጋድሏል?» ነው። ጥያቄው አይከፋም፣ ሆኖም ለዘመናት በዚያው አንግል የቆመ ድንጋይ አንግሉ ብቻውን ብዙ አይነግረንም። የሚነግረን ለውጡ ነው። ግርጌው በጠባቡ ጎን 1.2 ሜትር ያህል ስለሆነ በአንድ ጠርዝ 1 ሚሊ ሜትር ቢሰምጥ አናቱ 17 ሚሊ ሜትር ያህል ይሄዳል። ስለዚህ የሚለካው አናቱ ነው፤ በየዓመቱ፣ በተመሳሳይ ወር፣ በተመሳሳይ የቀን ሰዓት፣ ፀሐይ አንዱን ገጽ አሙቃ ድንጋዩን ሳታጎብጠው በማለዳ።